አልነበብም ያለው የመልስ ዲስክ

እኛ ሰፈር "ኮምፒውተር ያውቃል" የተባለ ሰው አለቀለት። የእኔ ስም የወጣው እንዲህ ነው። አንድ ቀን መሥሪያ ቤታችን ፕሪንተሩ አልሠራ ብሎ ሰው ሁሉ ከቦት ሲመክር፣ እኔ ጎንበስ ስል ሶኬቱ ተነቅሏል። ሰካሁት፤ ሠራ። ይህንን ለባለቤቴ ለስንዱ ትንሽ አሳምሬ ነገርኳት። ስንዱ ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ ደግሞ ለእድርተኛው። ከዚያ ወዲህ ኮልፌ ውስጥ ስልክ ቢቆለፍ፣ ቴሌቪዥን አልከፈት ቢል የሚጠራው እኔ ነኝ። አንዲት ጎረቤታችን የግድግዳ ሰዓት ሳይቀር ይዘውልኝ መጥተው ባትሪ ቀየርኩላቸው፤ መቁጠር ሲጀምር አይተው መርቀውኝ ሄዱ።

ዝናውን አልጠላሁትም፣ ምን ይዋሻል። ሰው እያከበራችሁ "ኧረ እኔ ሶኬት ብቻ ነው የሰካሁት" ብሎ መናገር ድፍረት ይጠይቃል። እንግዲህ ይሄ ሁሉ የመጣብኝ ከዚያ ድፍረት ማነስ ነው።

ነገሩ የተጀመረው የስንዱ ታናሽ እህት ቤዛ ልታገባ ስትል ነው። ሽማግሌ መጥቶ፣ ቤተሰብ ተስማምቶ፣ ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። ቀራንዮ አማቴ ቤት ተሰብስበን ስለ አዳራሽና ስለ በሬ ስንከራከር ቤዛ ዝም አለች። ቤዛ ዝም ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሌላ ጊዜ በሬውን ራሷ የምትመርጥ ልጅ ናት።

"እኔን ማን ነው የሚመርቀኝ?" አለች።

አባታቸው ጋሽ ሳህሌ ካረፉ ቆይተዋል። ዕድሜ ልካቸውን አጠና ተራ እንጨት ሲነግዱ የኖሩ፣ ምርቃታቸው ግን ከእንጨታቸው በላይ የሚፈለግ ሰው ነበሩ። ሱቅ የሚከፍት፣ መኪና የሚገዛ፣ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ጎራ ይል ነበር።

"አጎቶችሽ አሉ አይደል እንዴ፣ ልጄ" አሉ አማቴ እማማ ብርቄ።

"አሉ። ግን አባዬ እኔንም መርቆኛል። በስንዱ መልስ ጊዜ ጠርቶኝ፣ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አድርጎ የሆነ ነገር ብሎኛል። ምን እንዳለኝ ነው የጠፋኝ።"

"ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ አልመሽው ነው።"

"አላለምኩትም፣ እማዬ።"

እማማ ወደ ስንዱ ዞሩ። ስንዱ በመልሷ ቀን ከማልቀስ ሌላ ያየችው ነገር እንደሌለ ተናገረች። እኔንም አዩኝ። እኔ ሙሽራ ነበርኩ፤ ከረባቴ አንቆኝ ሐሳቤ ሁሉ መተንፈስ ላይ ነበር። ቤዛ ሁላችንንም በየተራ አየችንና አንገቷን ደፋች። የአባቷ ምርቃት ከእሷ በቀር ምስክር የሌለው ነገር ሆኖባት ነበር።

እዚህ ላይ ነው አፌን የከፈትኩት።

"የመልሱ ቪዲዮ አለ አይደል? ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ፣ የጋሼን ምርቃት ቆርጬ አወጣዋለሁ። ሰርጉ ላይ በትልቁ ስክሪን ነው የምናሳየው። ይሄማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።"

የቤዛ ፊት በራ። እማማ "ተባረክ" አሉኝ። ስንዱ ብቻ ጠርጠር አድርጋ አየችኝ፤ አሥራ ምናምን ዓመት አብራኝ ኖራለችና የአምስት ደቂቃ ሥራዬን ታውቀዋለች።

ቪዲዮው እያለ ለምን እስከዛሬ አላያችሁትም የሚል ይኖራል። የሰርግ ቪዲዮ ማን እስከ መጨረሻው ያያል? እንግዳው ጭፈራው እስኪያልቅ ያይና ይነሳል። ምርቃቱ ደግሞ ከጭፈራው በኋላ ነው። ጋሼ ካረፉ ወዲህ ደግሞ እሳቸውን ለማየት አንጀት ያለው ሰው አልነበረም።

እማማ የእሳቸውን ኮፒ ከሣጥን አወጡ። በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በፌስታል ታስሮ ተቀምጧል። ሽፋኑ ላይ እኔና ስንዱ ቀይ ልብ ውስጥ ሆነን እንስቃለን። ስንከፍተው ባዶ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ባዶ ሽፋን ሲጠብቁ ኖረዋል።

"አውሼው ነበር ለካ" አሉ።

ያኔ የሰርግ ቪዲዮ መዋስ ደንብ ነበር። ሰርጉ ላይ ያልተገኘ ሰው "እስቲ ሰርጋችሁን አውሱኝ" ይላል፤ አልሰጥም ማለት ነውር ነው። እሱ ለእህቱ ያውሳል፣ እህቱ ለጎረቤቷ። የእማማን ኮፒ አንድ ዘመድ መጨረሻ ላይ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ አየሁት ብሏል። ቪዲዮውን የቀረጸው ሰውዬ ጋ ደወልን፤ ስቱዲዮውን ዘግቶ አሁን ጫማ ይሸጣል። ኦሪጅናሉ አለ ወይ ስንለው ሳቀ። ጋሼ ደግሞ ስልክ ሲያናግሩ እንኳ ቀፎውን ከጆሯቸው የሚያርቁ ሰው ስለነበሩ ሌላ ቦታ የተቀዳ ድምፅ የላቸውም። በአጭሩ፣ በዚህች ምድር ላይ የቀረው የጋሽ ሳህሌ ድምፅ እኛ ቤት ያለው ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

የእኛው ተዋሾችን ሁሉ አልፎ ተመልሷል። አምፖሉ ሥር አድርጌ ሳየው ድመት የተጫወተችበት ይመስላል። ሆኖም ኮምፒውተሬ አሮጌ ስለሆነ ዲስክ ማስገቢያ አለው፤ አዲስ ቢሆን ኖሮ እሱም የለም። አስገባሁት። ኮፒው ጀመረ። ቤተ ክርስቲያኑ አለፈ፣ አዳራሹ አለፈ፣ የመልሱ ጭፈራ አለፈ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ቆመ፤ ኮምፒውተሩ ከውስጡ እህ እህ ማለት ጀመረና መልእክት አወጣ። ማንበብ አልተቻለም ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ምርጫ ሰጠኝ። ድገም፣ ዝለል፣ ተው።

እስቲ ፍረዱኝ፣ የአማት ምርቃት ዝለል ይባላል? ድገም አልኩት። አሰበበትና ያንኑ ጠየቀኝ። ድገም አልኩት። እልህ ተጋባን። ስንዱ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ "አምስት ደቂቃው አላለቀም?" አለችኝ።

በኋላ እንደተረዳሁት ዲስክ የሚነበበው ከመሃል ወደ ዳር ነው። የሰርጉ መጀመሪያ መሃሉ ላይ፣ መጨረሻው ዳሩ ላይ ይቀመጣል። ሰው ደግሞ ዲስክ የሚይዘው በዳሩ ነው። ያ ሁሉ ተዋሽ ዶሮ ወጥ የበላበትን ጣቱን ሲያሳርፍ የኖረው የጋሼ ምርቃት ላይ ነው።

በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩት። ዙሪያውን አዙሬ ከጠረግኩት በኋላ ነው እንደዚያ አይጠረግም፣ ከመሃል ወደ ውጭ ነው የሚል ያነበብኩት። ቀጥሎ ስንዱ ከስልኳ ላይ የጥርስ ሳሙና ጭረት ይደፍናል የሚል አገኘች። ቀባነው፣ አሸነው፣ አጠብነው። ድራይቩ ሲዞር ቤቱን የጥርስ ሳሙና ሽታ ሞላው እንጂ ያው ቦታ ደርሶ ያው ጥያቄ መጣ።

ቤዛ በየቀኑ ትደውላለች። "ተነበበ?"

"እየሄደ ነው።"

"አባዬ ጋ ደረሰ?"

"እየተጠጋ ነው" እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ይጠጋል፣ አይደርስም እንጂ። እሷ ግን እየሄደ ነው ያልኳትን አልቋል ብላ ተርጉማ ለእጮኛዋ ቤተሰብ ተናግራለች። ለአዳራሹ መድረክ መሪም ከኬኩ በፊት የአባቴ ምርቃት አለ ብላዋለች። ይህንን ስሰማ ምሳዬን ትቼ ወደ ዲስኩ ተመለስኩ።

በዚህ መሃል እማማ ሊጠይቁን መጡ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

"ጭረት አለበት እማማ፣ ለዚያ ነው።"

"ለጭረትማ ቅቤ ነው።"

"ለዲስክ አይሆንም።"

"ሰው የሚያድን ነገር ለዚህ ክብ ነገር አይሆንም?"

አክብሬያቸው ዝም አልኩ። ዝም ያልኩትን እሺ ያልኩ መስሏቸው ኖሯል። ውሃ ላመጣላቸው ሄጄ ስመለስ ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ ወዙ ጢም ብሎ ተቀምጧል። እማማ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ "ለጋ ነው፣ ከአገር ቤት ትናንት የመጣ" አሉኝ። የማያዝን ልብ የለኝም። አመሰገንኳቸው። ሲሄዱ በሙቅ ውሃና በኦሞ አጠብኩት፤ ግን ቅቤ ቅቤ ነው። በመሃል ቀዳዳው ዙሪያ የቀረው ድራይቩ ውስጥ ሲሞቅ ቀለጠና ማስገቢያው አልከፈት አለ። እኔ ስታገለው መብራት ሄደ። ዲስኩ እዚያው ውስጥ ቀረ።

ማስገቢያው ፊት ለፊት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በቀጭን ሽቦ ሲወጓት ይከፈታል ይባላል። ወረቀት የሚያያዝበትን ሽቦ አቃንቼ ወጋሁ። እምቢ ሲለኝ ጠንከር አድርጌ ወጋሁ። በመጨረሻ ወጣ፤ የጥርስ ሳሙናና ቅቤ አብሮ ሲሸት አላሽተታችሁ ከሆነ አልፏችሁ ይቅር። ከመሃል ቀዳዳው ተነስቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቁጭ አልኩ። ከዚያ በፊት ያስጨነቀኝ ስሜ ነበር፤ አሁን ግን የቤዛ ፊት መጣብኝ።

በማግስቱ ታክሲ ይዤ አየር ጤና ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት ዘንድ ወሰድኩት። ዲስኩን በሁለት ጣቷ ይዛ አየችው።

"እነዚህ ነገሮች ገና አሉ እንዴ? ደግሞ ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ረጅም ታሪክ ነው" አልኳት።

ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋ እየደጋገመች ሞከረች። ብዙ ጠብቀን አንድ ምስል ወጣ። ጋሼ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ሊናገሩ ከፍተው። እዚያው ደረቀ። ድምፅ የለም።

"አባትህ ናቸው?"

"የሚስቴ አባት ናቸው።"

"የእኔ ማሽን ከዚህ በላይ አላየለትም። የአንዱ ዓይን ያላየውን የሌላው ሊያይ ይችላል፣ ሌላ ቦታ ሞክሩት። ግን ስንጥቁ እየሄደ ነው፤ በዞረ ቁጥር ይብስበታል። ብዙ ጊዜ አይዞርላችሁም።"

ቤቴ ስገባ ለስንዱ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ስልኩን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችውና "ለእሷም ንገራት" አለች። ለቤዛ ነገርኳት፤ የሳሙናውን፣ የሽቦውን፣ ስንጥቁን። ቅቤውን ለእማማ ስል ዘለልኩት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። "ለሰርጉ ባይደርስም አንዴ ልስማው፤ አንዴ ብቻ" አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዲቪዲ ማጫወቻ ፍለጋ ሰፈሩን ዞርኩ። ድሮ በየቤቱ ነበር፤ አሁን ሁሉም አንድ መልስ አለው፣ ለቆራሌው ሰጠነው። አንዷ ጎረቤት በምትኩ ያገኘችውን የፕላስቲክ ሳፋ አውጥታ አሳየችኝ። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ የቅርብ ጎረቤታችን ሐጂ ነስሩ በራቸው ላይ ቆመው ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ።

ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ዕቃ አይጥሉም። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ከዚህ ሰውዬ የሚወጣው ነገር ቢኖር ቆሻሻ ብቻ ነው፣ እሱንም አይቶ ነው ይላሉ። ነገሩን ስነግራቸው ሐጂ ፊታቸው በድል በራ።

"ዘይነባ፣ ያን ልጣለው ልጣለው ስትይ የነበረውን ዕቃ ግለጪው" አሉ።

ማጫወቻው ሳሎናቸው ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ተቀምጧል። ቅዳሜ ከአስር በኋላ፣ ሐጂ ከሶላት ሲመለሱ፣ ተሰበሰብን። እማማ፣ ስንዱ፣ ቤዛና እኔ፣ ባለቤቶቹ ሁለቱ። ሐጂ ዲስኩን "ቢስሚላህ" ብለው አስገቡና ማጫወቻውን አናቱን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት። እሱ ካልተደረገለት አይሠራም አሉ። ሠራ።

ከማጫወቻው ወደ ኮምፒውተር መገልበጫ የለም። ያሰብኩት ቴሌቪዥኑን በስልኬ ልቀርጽ ነው። ሪሞቱ ጠፍቷል፣ ማጫወቻው ላይ ያለው ወደ ፊት የሚያሳልፈው ቁልፍም ጭፈራው ላይ ሲደርስ እምቢ ስላለ ከዚያ ጀምሮ ማየት ግድ ሆነ። እማማ በሕይወት ያሉትንና የሌሉትን እየለዩ አስተዋወቁን። እትዬ ዘይነባ የእኔን የዚያን ጊዜ ፀጉር አይተው፣ ከዚያ እኔን አይተው፣ አላህ ያውቃል አሉ። በመጨረሻ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ብቅ አሉ፣ እኔና ስንዱ ጉልበታቸው ሥር ተደፍተናል። እየተንቀሳቀሱ ነው። ድምፅ አላቸው።

"በሉ እንግዲህ፣ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ" አልኩና ስልኬን ደገንኩ።

"እግዚአብሔር ይባርካችሁ" አሉ ጋሼ።

"አሜን" አለ ሳሎኑ በሙሉ።

አቆምኩት። "ዝም እንበል ብዬ ነበር እኮ። አሜኑ የሚቀጥለውን ምርቃት ይሸፍነዋል።"

"ምርቃት ሲወርድ ዝም?" አሉ እማማ። "ይሄ እንዴት ያለ ነገር ነው?"

"በልብዎ ይበሉት፣ እማማ።"

"በልብ የተባለ አሜን ማን ይሰማዋል?"

ሐጂ እውነታቸውን ነው አሉ። ለምኜ አስማማኋቸው። ማጫወቻው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነን ወደ ኋላ መለስነው። አሁን ሁሉም አፉን በእጁ ይዟል። እግዚአብሔር ይባርካችሁ አለፈ። እህል ውሃችሁ ይባረክ አለፈ። ወልዳችሁ ሳሙ አለፈ። "አብራችሁ አርጁ" ሲሉ ከጀርባዬ ወፍራም "አሚን" መጣ። ስዞር ሐጂ ናቸው።

"አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አሉ። እትዬ ዘይነባ ሶፋው ላይ ተገልብጠው ሳቁ።

እንደገና መለስነው። ምስሉ በየመሃሉ መቆራረጥ ጀምሯል፤ ከማጫወቻው ውስጥም ቀጭን ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። በዚህኛው ማንም አሜን አላለም። አብራችሁ አርጁ ላይ ሐጂ መሐረባቸውን ነክሰው አለፉ። ጋሼ ቀና ብለው ወደ ጎን አዩና "ብርቄ፣ ነይ፤ አንቺም እጅሽን አሳርፊባቸው" አሉ።

እማማ ከሶፋው ተነሱ። በስልኬ ፊት አልፈው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። ማንም አልሳቀም፣ እኔም ማቆሚያውን አልነካሁም። እማማ ቀስ ብለው ዞሩ።

"ጠራኝ እኮ" አሉ። ስንዱ ሄዳ አቅፋ አስቀመጠቻቸው። እኔ ምስሉ ተበላሸ ብዬ መናደድ ነበረብኝ፤ አልተናደድኩም። ቆጣ ልበል ብዬም አልመጣልኝም።

ሐጂ ማጫወቻውን ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው አዳመጡት። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ከአሁን በኋላ አንዴ ቢሆን ነው" አሉ። ቤዛ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ለመጨረሻ ጊዜ መለስነው።

የማስጠንቀቂያ ቃል አልተናገርኩም። ምርቃቱ ወረደ፣ እማማ ተጠሩ፣ በቪዲዮው ውስጥ ያሉት ወጣቷ እማማ መጥተው እጃቸውን አሳረፉ። እዚህ ላይ ነው ድሮ እንግዳው ሁሉ የሚነሳው። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ጋሼ ሁለት ሆኑ፣ እንደገና አንድ ሆኑ። ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው የሆነ ሰው መፈለግ ጀመሩ።

"ቤዚ የታለች?" አሉ።

ቤዛ እጄን ያዘችኝ። የያዘችው ስልኩን የያዝኩበትን እጅ ነው።

"ነይ ወዲህ። ይቺ ደግሞ ኬክ ስትጠብቅ ዋለች። ነይ፣ አንቺንም ልመርቅሽ። ተራሽ ሲደርስ እኔ መኖሬን የሚያውቀው እሱ ነው፤ እንግዲህ የዛሬውን ያዢልኝ።"

"የምታገቢው ሰው ያክብርሽ።"

አላስቻለንም። አሜን አልን። ሐጂም፣ እትዬ ዘይነባም፣ ሁላችንም።

"ቤትሽ ሰው የሚገባበት ይሁን።"

"አሜን።"

"እናትሽን ጧሪ ያድርግሽ። ሳቅሽን አይንሳሽ።"

ከሁሉ የበለጠ የጮኸው አሜን የእኔ ነበር። ከእሱ ጋር አንድ ላይ ማጫወቻው ውስጥ ቋ የሚል ነገር ተሰማ፣ ቴሌቪዥኑም ሰማያዊ ሆነ። ሐጂ ቸብ ቸብ አደረጉት፤ ምንም የለም። ሲከፈት ዲስኩ ለሁለት ተሰብሯል። ላዩ ላይ የታተመው ፎቷችን እንደ ስንጥቁ ተከፍሎ ስንዱ በአንዱ በኩል፣ እኔ በሌላው ቀርተናል።

ስንዱ ደንገጥ ብላ አየችኝ። እትዬ ዘይነባ ሁለቱን ቁራጭ ከእጄ ተቀብለው ገጠሟቸው። "አብራችሁ አርጁ ተብላችኋል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ምንም አትሆኑም" አሉ።

አሁን ሁሉም ስልኬን ያያል። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ትርምስ መቅረጫውን መጫኔን አላስታውስም። ከፈትኩት። አለ። የጋሼ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። እኔ ስፈራው የነበረው አሜን አንዲት ቃል አልሸፈነም። ለካስ ጋሼ ሲመርቁ በየመሃሉ ዝም የሚሉት ለአሜን ቦታ እየተውልን ነው፤ የእኛም አሜን ገብቶ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ያን ሁሉ የተጣላሁት በከንቱ ነው። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ቤዛ እጄን ስትይዘኝ ስልኩ ወደ መሬት ዞሯል። ስለዚህ "ቤዚ የታለች" ከተባለበት ጀምሮ የሚታየው ጋሼ ሳይሆኑ የሐጂ ነስሩ ምንጣፍና የእኔ እግር ነው። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ነበር የገባሁት። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል፣ ጣቴም ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ይታያል። ድምፁን ብቻ እናሰማ ብዬ ተለማመጥኩ። ቤዛ እንዳለ ይታይ አለች፤ ሙሽራ ያለችው ደግሞ ይሆናል።

እናም ሰርጉ ላይ፣ ከኬኩ በፊት፣ የግድግዳ ያህል በሚሆን ስክሪን ላይ የእኔ አውራ ጣት ለሁለት ቤተሰብ ቀረበ። በሙሽራው በኩል ያሉት አዛውንቶች እንዴት ያለ ቪዲዮ ነው ብለው ተያዩ። ከዚያ የጋሼ ድምፅ ወጣ፣ አዳራሹም ጣቴን ረሳው። የምታገቢው ሰው ያክብርሽ ሲሉ የሐጂ ሳሎን አሜን አለ፣ ከላዩ ደግሞ አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። ሐጂ በሙስሊሞቹ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ በስክሪኑም በአካልም አሚን ብለዋል። ቤዛ ተነስታ የእናቷን ጉልበት ሳመች። እማማ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና "አላለምሽውም፣ ልጄ" አሏት።

እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የኬኩን ቢላዋ ይዤ ቆምኩ። ከሰርጉ ሳምንት በኋላ ስንዱ ልብስ ስትለይ ያን ካልሲ አገኘችውና ልትጥለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጋ ደርሳ ነበር። ልትጠይቀን የመጣችው ቤዛ ናት የከለከለቻት።